ኔጌቲቩን ለማንም አትስጪ

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤
ጤና ይስጥልኝ።

በቅርቡ በቴክኖሎጂ ገጻችሁ ላይ፣ ፎቶው አልከፈት ያለው ወይም የፋይሉ መጠን የበዛበት ሰው ኢንተርኔት ላይ ካሉት ነጻ የመቀየሪያ ድረ ገጾች ወደ አንዱ ገብቶ፣ ፋይሉን ጭኖ፣ ቀይሮ እንዲያወርድ የሚመክር ጽሑፍ አነበብኩ። በቅን ልቦና እንደተጻፈ አልጠራጠርም። እኔ ግን በዚህ ሥራ የምተዳደር ሰው ነኝ። ደብረ ማርቆስ መናኸሪያ አጠገብ ከ1998 ዓ.ም. ጀምሮ ፎቶ ቤትና የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት አለኝ። ያ ምክር ምን እንደሚያስከትል በየቀኑ ስለማየው ዝም ማለት አልሆነልኝም።

እኔ ዘንድ የሚመጣው ከሉማሜ፣ ከአማኑኤል፣ ከየጁቤ፣ ከደጀን በጠዋት መኪና ተሳፍሮ፣ ጉዳዩን ጨርሶ ማታ እቤቱ ሊገባ ያሰበ ሰው ነው። በፌስታል ጠቅልሎ የያዘው መታወቂያውን፣ የልጁን የልደት ምስክር ወረቀት፣ የመሬት ደብተሩን፣ አንዳንዴም የሐኪም ወረቀቱን ነው። «እቴ፣ ይህን ኮምፒውተሩ ውስጥ አስገቢልኝ» ይለኛል፤ ሌላ የሚለው የለም። የሚያምነኝ እኔን ነው። ታዲያ እነዚህን ወረቀቶች ፎቶ አንስቼ፣ ባለቤቱንም አገሩንም ወደማላውቀው ኮምፒውተር ልላክለት? «ፋይልዎን ከጥቂት ሰዓት በኋላ እናጠፋለን» ብለው የሚጽፉ ድረ ገጾች አሉ። ማጥፋታቸውን እኔ ሄጄ አላይም፤ ባለ መሬቱም አያይም።

አባቴ የፊልም ዘመን ፎቶ አንሺ ነበር። ጨለማ ክፍል ውስጥ በቀይ አምፖል ያጥብ ነበር። ካሜራውን ለባልደረባ ያውሳል፣ ብርም ያበድራል፤ ኔጌቲቭ፣ ማለትም ፎቶው የሚባዛበት የታጠበ ፊልም፣ ግን ከእጁ አይወጣም። በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ፣ በእያንዳንዱ የወረቀት ከረጢት ላይ ቀኑንና የባለጉዳዩን ቀበሌ ጽፎ ያስቀምጠው ነበር። ሥራውን ሲያስረክበኝ «ኔጌቲቩን ለማንም አትስጪ፤ የሰው ፊት አደራ ነው» አለኝ። ዛሬ ኔጌቲቭ የለም፤ አደራው ግን አለ። ኦሪጅናሉ ፋይል ማለት እሱ ነው።

ይህን ሥራ ከራሳችን ኮምፒውተር ሳናወጣ የምንሠራበት መሣሪያ ባይኖር ኖሮ ምክራችሁን አልነቅፍም ነበር። መሣሪያው ግን አለ፤ ሳንቲም አይጠየቅበትም፤ ዕድሜውም ከብዙዎቹ ደንበኞቼ ዕድሜ ይበልጣል። ኢሜጅማጂክ ይባላል። ጆን ክሪስቲ የተባለ ሰው ዱፖንት ኩባንያ ውስጥ ሲሠራ በ1987 እ.ኤ.አ. የጀመረው ነው፤ መነሻውም ባለ ብዙ ሚሊዮን ቀለም ምስልን 256 ቀለም ብቻ ወደሚያሳዩት የዚያን ጊዜ ስክሪኖች መቀየር ነበር። ከ1990 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለማንም በነጻ ተለቀቀ። በማውስ አይታዘዝም፤ በጥቁሩ መስኮት ላይ ትዕዛዝ እየተጻፈ ነው የሚሠራው። ሰውን የሚያስፈራው ይኸው ጥቁር መስኮት ነው። ረዳቴ ሥራ የጀመረች ሰሞን እኔ ስጽፍ አይታ «ቫይረስ ገባብን እንዴ?» ብላ ደንግጣ ነበር። አሁን ከእኔ ትፈጥናለች።

አጻጻፉ እንዲህ ነው። «ማጂክ» ተብሎ ይጻፋል፤ ክፍት ቦታ፤ ያለን ፋይል ስም ከነመጨረሻው፤ ክፍት ቦታ፤ እንዲሠራልን የምንፈልገው አዲስ ፋይል ስም። አለቀ። የአዲሱ ስም መጨረሻ ጄፔግ ከሆነ ጄፔግ ይሠራል፤ ፒኤንጂ ከሆነ ፒኤንጂ ይሠራል፤ ሁለቱም የፎቶ ፋይል ዓይነቶች (ፎርማቶች) ናቸው። የድሮው ፋይል በቦታው ይቀመጣል። በትዕዛዙ መካከል ሌላ ጥያቄ መጨመር ይቻላል፦ ስፋቱ ይህን ያህል ይሁን፣ ጥራቱ ይህን ያህል ይሁን፣ ዞሮ የተኛው ይቃና።

አንድ ነገር ላስጠንቅቅ፤ እኔን ሁለት ቀን ስለፈጀብኝ። የቆዩ ማብራሪያዎች «ኮንቨርት» ብላችሁ ጻፉ ይላሉ። ዊንዶውስ ግን በዚሁ ስም የራሱ የቆየ ትዕዛዝ አለው፤ ሥራውም የዲስክን የፋይል ሥርዓት መቀየር ነው፤ ከፎቶ ጋር አይገናኝም። እኔ ፎቶ ልቀይር ስጽፍ እሱ ስለ ድራይቭ ስም ስሕተት ይመልስልኛል። በ2016 እ.ኤ.አ. ከወጣው ከሰባተኛው ቨርዥን ወዲህ ዋናው ትዕዛዝ «ማጂክ» ስለሆነ እሱን መልመድ ይሻላል።

ባለፈው ዓመት ከደምበጫ አንዲት ተመራቂ መጣች። የሥራ ማመልከቻ በኦንላይን እየሞላች ነበር። ፎቶዋን ወንድሟ በአይፎን አንስቶላታል። ቅጹ ሦስት ጊዜ መልሶባታል፤ የሚሰጣት መልስም አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፦ ፋይሉ ተቀባይነት የለውም። ለምን? አይልም። መሥሪያ ቤቱ ጋ ስልክ ደውላ «ጄፔግ አድርጊው» ብለዋታል። እሷም «ጄፔግ ነው እኮ!» ትላለች፤ እውነትም የፋይሉ ስም መጨረሻ ላይ ጄፔግ ይላል። ቅጹ ሊዘጋ አንድ ቀን ቀርቶታል። ልጅቷ ፊት ለፊቴ ወንበር ላይ ተቀምጣ ስልኳን በሁለት እጇ ጨብጣ ይዛለች።

«አይደንቲፋይ» የሚባል ትዕዛዝ አለ፤ የፋይሉን ስም አይቶ ሳይሆን ውስጡን አንብቦ ምን እንደሆነ ይናገራል። ስጠይቀው ሄይክ ነው አለኝ። ከ2017 እ.ኤ.አ. ወዲህ አይፎኖች፣ ባለቤቱ ካልቀየረው በቀር፣ ፎቶ የሚያስቀምጡት በዚህ ፎርማት ነው። አንድ ሰው ሊረዳት ብሎ የስሙን መጨረሻ ብቻ ሰርዞ ጄፔግ ብሎ ጽፎበታል። ጆንያው ላይ ስንዴ ብሎ ቢጻፍበት ውስጡ ያለው ጤፍ ጤፍ ነው። እያንዳንዱ ፎርማት መጀመሪያው ላይ የራሱ ምልክት አለው፤ ለምሳሌ የፒኤንጂ ፋይል መነሻ ላይ ፒ፣ ኤን፣ ጂ የሚሉት ሦስት የላቲን ፊደላት ተጽፈው ይገኛሉ። ቅጹን የሚያስተናግደው ኮምፒውተር ያንን ነው የሚያየው።

በአንድ መስመር ትዕዛዝ ፎቶዋን አቃናሁት፣ ስፋቱን ቀነስኩት፣ ከ100 ኪሎባይት እንዳይበልጥ ወሰንኩለት። ለዚህ ራሱን የቻለ አማራጭ አለ፤ መጠኑን ትነግረዋለህ፣ ከዚያ የማያልፈውን ጥራት እሱ ፈልጎ ያመጣል። ሻይዋን ሳትጨርስ ደረሰ። ቅጹም ተቀበለ። ሦስቱን ጊዜ ግን ያንገላታት የሷ ጥፋት አልነበረም። «ጄፔግ፣ ከ100 ኪሎባይት በታች፤ የስሙን መጨረሻ መቀየር ብቻ አይበቃም» የሚል አንድ መስመር በአማርኛ ፎቶው ከሚጫንበት አዝራር ሥር ቢጻፍ ኖሮ ከደምበጫ ድረስ ባልመጣች።

ስለ ኢንተርኔትም ላንሳ። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥና ለወራት ሳይመለስ ሲቆይ፣ ፎቶ የሚነሳና ሰነዱን ስካን የሚያስደርግ ሰው አልቀረም። በፍላሽ ይዞ አዲስ አበባ የሚሄድ መንገደኛ ይፈልጋል፤ ፋይሉም ተስተካክሎ መሄድ አለበት። የመቀየሪያ ድረ ገጽ ብቻ የሚያውቅ ባለ ሱቅ ያን ጊዜ እጁን አጣጥፎ ተቀመጠ። እኛ ላፕቶፑ ባትሪ እስካለው ድረስ ስንሠራ ነበር። መንገደኛው መኪናው ሳይነሳበት ፍላሹን ይዞ ይሮጥ ነበር።

አሁን ስለ ራሴ ጥፋት ልናገር፤ መሣሪያውን እያመሰገንኩ አደጋውን ብደብቅ ደግ አይሆንም። በ2011 ዓ.ም. ጥር ላይ የአንድ ሰርግ ፎቶ አነሳሁ፤ ከ600 በላይ ፎቶ ነው። ሙሽሮቹ ለዘመድ በስልክ የሚልኩት ትንሽ ትንሹን ፈለጉ። «ሞግሪፋይ» የሚባለው ትዕዛዝ አንድ ፎልደር ሙሉ ፎቶ በአንድ ጊዜ ይሠራል፤ በፊት የግማሽ ቀን ሥራ የነበረውን በጥቂት ደቂቃ ይጨርሰዋል። ስፋታቸው 800 ነጥብ (ፒክስል) ይሁን ብዬ ጻፍኩና ቁልፉን ተጫንኩ። ያላወቅኩት ነገር፣ ይህ ትዕዛዝ ፎርማት ሲቀይር አዲስ ፋይል ይሠራል፤ መጠን ብቻ ሲቀይር ግን በዚያው በኦሪጅናሉ ላይ ይጽፍበታል። የካሜራውን ካርድ ደግሞ አስቀድሜ አጽድቼዋለሁ።

ያን ምሽት ፎልደሩን ከፍቼ የፋይሎቹን መጠን ሳይ፣ ሜጋባይት የነበሩት በሙሉ ኪሎባይት ሆነዋል። አንዱን ከፍቼ አሰፋሁት፤ የሙሽራዋ እናት ልጃቸውን አቅፈው የሚያለቅሱበት ነው። እንባው የለም። አራት ማዕዘን አራት ማዕዘን የሆነ የቆዳ ቀለም ብቻ። 800 ነጥብ ስፋት በደንብ ጥራት ሲታተም 7 ሳንቲሜትር እንኳ አይሞላም፤ እነሱ ያዘዙት ባለ 40 ሳንቲሜትር አልበም ነው። ቤታቸው ሄጄ እውነቱን ነገርኳቸው፤ ገንዘባቸውንም መለስኩ። እናትየዋ አልተቆጡኝም፤ ዝም አሉ፤ ያ ዝምታ እስካሁን አለቀቀኝም። አባቴ በሕይወት አልነበረም እንጂ ምን ይለኝ እንደነበረ አውቃለሁ።

ከዚያ ወዲህ ኦሪጅናሎቹ ያሉበት ፎልደር ላይ ምንም ትዕዛዝ አይሠራም። «ፓዝ» የሚል አማራጭ አለ፤ የተሠራው ፋይል ወደ ሌላ ፎልደር እንዲገባ ያዝዛል። ረዳቴ ያንን ሳትጽፍ «ሞግሪፋይ» ብላ ቁልፍ አትጫንም። ካርድ የሚጸዳው ኦሪጅናሉ ሁለት ቦታ መቀመጡ ከታየ በኋላ ነው።

የጥራት ጉዳይ ግን ጠልቆ የገባኝ ከቢቸና በኩል በመጡ አንድ የኔታ ምክንያት ነው። የቆየ የብራና ድጓ አላቸው። የወንድማቸው ልጅ ከአዲስ አበባ ለፋሲካ ሲመጣ ቅጠል በቅጠል በስልኩ አነሳላቸው፤ 212 ፎቶ። ተማሪዎች ብራናውን እያገላበጡ እንዳይጎዱት ከፎቶው እንዲያነቡ ነው ሐሳባቸው። ፍላሹን ይዘው መጡ። እኔም ፋይሎቹ በርካሽ ስልክ ላይ እንዲከፈቱ ብዬ ስፋታቸውን ከግማሽ በታች አወረድኩ፣ ጥራቱን ከመቶ 60 አደረግኩ፣ ጄፔግ አድርጌ ሰጠኋቸው። ቀላል ሥራ መስሎኝ ነበር።

በሳምንቱ ተመልሰው መጡ። መነጽራቸውን ከቀሚሳቸው ኪስ አወጡ። «ልጄ፣ እስቲ ይቺን አስፊልኝ» አሉ። አሰፋሁት። ከቃሉ በላይ ካለችው አንዲት ነጥብ ላይ ጣታቸውን አደረጉ። «ይቺ ይዘት ናት ወይስ ዝንብ ያረፈባት?»

ድጓ ለማያውቅ አንባቢ፦ የቤተ ክርስቲያን የዜማ መጽሐፍ ነው፤ የዜማ ምልክቶቹ ከቃላቱ በላይ በጣም ደቃቅ ሆነው ይጻፋሉ፤ ደረት፣ ጭረት፣ ርክርክ፣ ድፋት፣ ቅናት እያሉ። ይዘት የምትባለው አንዲት ነጥብ ናት። እኔ የሰጠኋቸው ፎቶ ላይ ነጥቧና በዙሪያዋ ያለው የብራናው ጉድፍ አንድ ዓይነት ግራጫ ሆነዋል። በቀይ ቀለም የተጻፈው የእመቤታችን ስም ደግሞ ጠርዙ ፈስሷል፤ ቀዩ ከፊደሉ ወጥቶ ብራናው ላይ የተሰራጨ ይመስላል። «ነጥቧ ካልታየች ዜማው በምን ይያዛል?» አሉኝ የኔታ፤ ቁጣ አልነበረባቸውም፤ ተማሪ እንደሚጠይቁ ነው የጠየቁኝ።

ያን ቀን ሱቅ ዘግቼ አነበብኩ። ጄፔግ በ1992 እ.ኤ.አ. ደረጃ የወጣለት ፎርማት ነው። ምስሉን ቁመቱም ወርዱም 8 ነጥብ ወደሆነ ትንንሽ ካሬ ይከፋፍለውና፣ በየካሬው ውስጥ ዓይን አይለየውም ብሎ የገመተውን ደቃቅ ነገር ይጥላል። ጥራቱ ሲወርድ የሚጣለው ይበዛል። ለፊት፣ ለሰማይ፣ ለሜዳ ያዋጣል። ለጭረትና ለነጥብ ግን ነጥቧ ራሷ «ደቃቅ ነገር» ናት። ሁለተኛው፣ ዓይናችን ከቀለም ይልቅ ብርሃንና ጨለማን አጥርቶ ስለሚያይ፣ ጄፔግ ብዙ ጊዜ የቀለሙን መረጃ በቁመትም በወርድም በግማሽ ቀንሶ ያስቀምጣል። ኢሜጅማጂክ ጥራቱ ከ90 በታች ከሆነ ቀለሙን እንዲህ ይቀንሳል፤ 90ና ከዚያ በላይ ከሆነ አይቀንስም። እኔ 60 ብዬዋለሁ። ጥቁሩ ፊደል በመጠኑ ተርፎ ቀዩ የፈሰሰው ለዚህ ነው። ቅዱስ ስም በቀይ በሚጻፍበት አገር ይህን የማያውቅ ሰው ብራና መንካት የለበትም፤ እኔ ሳላውቅ ነካሁ።

የኔታ ፍላሻቸው ላይ የነበረውን የሄይክ ኦሪጅናል አላጠፉትም ነበር፤ እግዚአብሔር ይስጣቸው። «ግልባጭ ከግልባጭ ሲገለበጥ ስሕተት ይወልዳል፤ ከእናቱ ነው መገልበጥ» አሉኝ። ስለ ብራና ጽሕፈት ነው የሚናገሩት፤ ስለ ጄፔግም ቢሆን ከዚህ የተሻለ የተናገረኝ ሰው የለም። ጄፔግን ከፍቶ፣ አስተካክሎ፣ መልሶ ጄፔግ አድርጎ ማስቀመጥ በየጊዜው ትንሽ ትንሽ ይቀንሰዋል። በቴሌግራምም ፎቶ ተብሎ ሲላክ ይታመቃል፤ ፋይል ተብሎ ሲላክ እንዳለ ይደርሳል፤ ይህን ብቻ ቢያውቁ ደንበኞቼ ግማሽ ድካማቸው ይቀራል።

ከእናቱ መለስኩት። ስፋቱን አልነካሁም። አንዱን ቅጂ ምንም ወደማይጥለው ወደ ፒኤንጂ ቀየርኩት፤ ለማስቀመጫ ነው፤ አንዱ ገጽ ብቻ ከአሥር ሜጋባይት በላይ ሆነ፣ ይሁን። ሁለተኛውን ለተማሪዎቹ ጄፔግ በ95 ጥራት አደረግኩት። ስልኩ ራሱ ሲያነሳ የጣለው ነገር አለ፤ እሱ አይመለስም፤ እኔ ግን ሌላ አልጨመርኩበትም። የኔታ ያቺን ገጽ ፈልገው አዩ። ነጥቧ ጠቁራ፣ ክብ ሆና ተቀምጣለች፤ ከጎኗ ያለው ጉድፍ ቡናማ ነው። «ይዘት ናት» አሉና ያን መስመር እዚያው ሱቄ ውስጥ በለሆሳስ አዜሙት። ወረፋ የያዘው ሰው ሁሉ ጸጥ አለ።

ሌላም ነገር አለ። በስልክ የተነሳ ፎቶ የተነሳበትን ሰዓት፣ የቦታ መጠቆሚያው ክፍት ከሆነም ቦታውን በውስጡ ይዞ ይሄዳል። ሰው ግቢው ውስጥ የተነሳውን ፎቶ ለማያውቀው ሲልክ የቤቱን አድራሻ አብሮ እየላከ ሊሆን ይችላል። «ስትሪፕ» የሚለው አማራጭ ይህን ሁሉ ያራግፋል። መጀመሪያ ግን ምስሉን ማቃናት ያስፈልጋል፤ ፎቶው የቱ ጎኑ ወደ ላይ እንደሆነ የሚናገረው ማስታወሻም አብሮ ስለሚራገፍ ሰውዬው በጎኑ ተኝቶ ይቀራል። እነዚህን ፎቶዎች ነው ወደ ነጻ ድረ ገጽ ላኩ የምትሉን።

ስለዚህ የምለምናችሁ ያንን ምክር እንድታርሙት ነው። የመልክዓ ምድር ፎቶ፣ የአበባ ፎቶ ከሆነ ሰው እንደፈለገ ያድርግ። መታወቂያ፣ የመሬት ደብተር፣ የሐኪም ወረቀት፣ ብራና ከሆነ ግን ከቤት አይውጣ። የሙያ ባልደረቦቼንም እለምናለሁ፤ በመናኸሪያው ዙሪያ ብቻ ስንት የፎቶ ኮፒ ቤት እንዳለ አውቃለሁ። አንድ ከሰዓት ይበቃል። ሱቄ እሑድ ከሰዓት ባዶ ነው፤ ላፕቶፑን ይዞ የሚመጣ ሰው ካለ ጭኜለት፣ አሳይቼው፣ ኦሪጅናሉን እንዴት እንደሚጠብቅ ነግሬው እሸኘዋለሁ፤ ክፍያ አልጠይቅም። የኮምፒውተር ትምህርት የምታስተምሩ መምህራን፣ ተማሪው ጥቁሩን መስኮት ለፈተና ብቻ ከፍቶ እንዳይዘጋው፣ የአያቱን አሮጌ ፎቶ ይዞ መጥቶ በዚያ ይቀይር።

ትዕዛዞቹን በላቲን ፊደል በተለየ ወረቀት ላይ በእጄ ጽፌ ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዣለሁ፤ ስድስት መስመር ናቸው። ብታትሟቸው ደስ ይለኛል። ገጹን የሚያዘጋጀውን ባለሙያ አደራ የምለው ነገር ቢኖር፣ ከአማራጮቹ ስም በፊት ያለችው ሰረዝ አጭሯ ሰረዝ ናት፤ ኮምፒውተሩ በራሱ ወደ ረጅሙ ሰረዝ እንዳይቀይራት፣ በሰረዟና በቃሉ መካከልም ክፍት ቦታ እንዳይገባ። ከገባ አንባቢው ቤት ሄዶ ሲጽፈው አይሠራለትም።

ከአክብሮት ጋር
የፎቶ ቤትና የኮምፒውተር ጽሕፈት ባለሙያ
ደብረ ማርቆስ፣ ጎጃም
(ስሜና ስልኬ በዝግጅት ክፍሉ ይቀመጥ)